ከሁለት የጨዋታ ኮምፒዩተሮች የትኛው ይገዛ?

የቤተሰብ ዓምድ



በቅርቡ ወደ ቢሯችን ከሚመጡ ወላጆች አንድ ጥያቄ ደጋግመን እየሰማን ነው። ጥያቄው ስለ ኡልፓን ወይም ስለ ቤት ኪራይ አይደለም። «ልጃችን የጨዋታ ኮምፒዩተር ካልገዛችሁልኝ ብሎ አስጨንቆናል። ሁለት ዓይነት አሳይቶናል፤ እኛ ግን ልዩነታቸውን አናውቅም። ገንዘባችንም ትንሽ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?» የሚል ነው። ስለሆነም የዛሬውን ጽሑፋችንን ለዚህ ጉዳይ አውለነዋል።

ነገሩ ለአንዳንድ ሰው የልጅ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን እንደዚያ አናየውም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ በዚህ አገር ኮምፒዩተር የትምህርት መሣሪያ ሆኗል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ እንደገናም ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ ከተማችን አሽቀሎን በሮኬት ስትደበደብ፣ ልጆች ትምህርታቸውን የተከታተሉት በኮምፒዩተር ነበር። ኮምፒዩተር የሌለው ቤት ልጅ ወይ በስልክ ተማረ፣ ወይ ከትምህርቱ ቀረ። በሁለተኛ ደረጃ፣ የጨዋታ ኮምፒዩተር ውድ ነው። አንዱ ብቻ የአንድ ወር ደመወዝን አብዛኛውን ክፍል ይወስዳል። በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ፣ በሱቁ ውስጥ ዕብራይስጥ የሚያውቀው ልጁ፣ የሚፈርመው ግን አባት ወይም እናት ነው። ዕዳውም የፈራሚው ነው።

የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ

ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጠን የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ እናቅርብ። አባትና እናት ከጎንደር ከመጡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። አምስት ልጆች አሏቸው። የ16 ዓመቱ ልጃቸው ሁለት ላፕቶፕ መረጠ። ቤተሰቡ በእጁ የነበረው 1,200 ሸቀል ነው። በየወሩ ደግሞ ከ200 ሸቀል በላይ ለዚህ ጉዳይ ማውጣት እንደማይችሉ ወላጆቹ ቁጭ ብለው አስልተው ነበር።

የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ዋጋ 3,600 ሸቀል፣ የሁለተኛው 4,440 ሸቀል ነው። በመጀመሪያው ላይ የተጻፈው አርቲኤክስ 3050 ባለ 4 ጊጋባይት፣ ራም 16፣ ማከማቻ 1,000 ጊጋባይት ይላል። በሁለተኛው ላይ ደግሞ አርቲኤክስ 4050 ባለ 6 ጊጋባይት፣ ራም 16፣ ማከማቻ 512 ጊጋባይት ይላል። አባትየው ወረቀቶቹን አይተው «ርካሹ 1,000 አለው፤ ውዱ 512 ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ብዙ ከፍለን ትንሽ እንገዛለን?» አሉ። ልጁ ተቆጣ። ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ሄደና ወደ እኛ መጡ።

የአባትየው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልሱም ቁጥር ሁሉ እኩል አይመዝንም የሚል ነው።

እንደ በሬ ገዢ እዩት

ከአገር ቤት የመጣ ሰው በሬ መግዛት ያውቃል። በሬ ገዢ ቀለሙን ብቻ አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ትከሻውን ይዳስሳል፣ ኮቴውን ይመረምራል፣ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል። ለምን እንደሚሸጥ ይጠይቃል። ሻጩ ቢቸኩልም እሱ አይቸኩልም። ይህ ዕውቀት እዚህ አገር ስንገባ አልጠፋም። የተለወጠው የሚታየው ዕቃ ብቻ ነው።

በሬው የከሳ ከሆነ በመኖ ይደልባል። አጥንቱ ደካማ ከሆነ ግን ምንም ቢበላ አይጠነክርም። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። በኋላ ሊጨመር የሚችል ነገር አለ፤ አንዴ ከተገዛ በኋላ ፈጽሞ የማይለወጥም አለ። ገንዘብ ሲያንስ፣ ያለውን ገንዘብ በማይለወጠው ላይ ማዋል፣ የሚጨመረውን ግን ለነገ ማቆየት ይሻላል።

የማይለወጡት እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ካርቲስ ማሳኽ የሚባለው ነው። የጨዋታውን ሥዕል በማያ ገጹ ላይ የሚሥለው ይህ ክፍል ነው። የጨዋታ ኮምፒዩተርን ከተራ ኮምፒዩተር የሚለየውም እሱ ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ በተሻለ መለወጥ አይቻልም። በስሙ ላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ትውልዱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደግሞ በትውልዱ ውስጥ ያለውን ማዕረግ ያመለክታሉ። ስለዚህ 3050 እና 4050 ማዕረጋቸው አንድ ሆኖ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በኋላ የተወለደ ነው። የራሱ የሆነ ትንሽ ማስታወሻም አለው። 4 ጊጋባይት ለብዙዎቹ አዳዲስ ከባድ ጨዋታዎች ይጠብባል፤ 6 ትንሽ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስሙ አንድ የሆነ ካርድ በሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ እኩል ላይሠራ ይችላል። 4050 ከ35 ዋት እስከ 115 ዋት ባለው ኃይል ሊሠራ ስለሚችል፣ አንዱ አምራች ኮምፒዩተሩን ለማቅጠን ብሎ ኃይሉን ዝቅ ያደርገዋል። ስሙን ብቻ ሳይሆን ዋቱንም ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ሜዓቤድ የሚባለው ነው። የኮምፒዩተሩ አንጎል እሱ ነው። ይህም አይለወጥም። ሦስተኛ፣ ማያ ገጹ ነው። ለጨዋታ 144 ኸርትዝ የሆነ ይመረጣል፤ ሥዕሉ በሰከንድ 144 ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው።

የሚጨመሩት ደግሞ እነዚህ ናቸው። ዚካሮን ወይም ራም የሚባለው፣ ኮምፒዩተሩ ሲሠራ ነገሮችን የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው። ዕቃ ማከማቻው ደግሞ እንደ ጎተራ ነው። በብዙዎቹ የጨዋታ ኮምፒዩተሮች ሁለቱንም በኋላ ማሳደግ ይቻላል። በአንዳንዱ ግን ራሙ የተበየደ ስለሆነ መጨመር አይቻልም፤ ይህንን ሻጩ በግልጽ ይንገራችሁ። ራም ከ16 ባያንስ መልካም ነው። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በጣም ስለጨመረ፣ «አሁን 8 ገዝተን በኋላ እንጨምራለን» የምትሉ ከሆነ የጭማሪውን ዋጋ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቃችሁ ከሂሳቡ ጋር ደምሩት።

እንግዲህ ወደ አባትየው ጥያቄ እንመለስ። 1,000ና 512 የጎተራ ስፋት ናቸው። ጎተራ ይሰፋል። 3050ና 4050 ግን የበሬው አጥንት ናቸው። በዚህ መለኪያ ሁለተኛው ኮምፒዩተር ይበልጣል።

ግን ልጁ የሚጫወተው ምንድን ነው?

ብርቱ በሬ የሚፈለገው ሰፊ እርሻ ላለው ነው። ስለዚህ ልጁን «የትኛውን ኮምፒዩተር ትፈልጋለህ?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «የምትጫወታቸውን አምስት ጨዋታዎች በወረቀት ጻፍልን» ማለት ይሻላል። ሮብሎክስ፣ ማይንክራፍት፣ ፎርትናይት፣ ቫሎራንት፣ ካውንተር ስትራይክ 2 የሚል ከሆነ፣ ርካሹ ኮምፒዩተር ይበቃዋል። እነዚህ ጨዋታዎች የተሠሩት በመካከለኛ ኮምፒዩተርም እንዲሄዱ ተደርገው ነው። በየዓመቱ የሚወጡ ትልልቅ ጨዋታዎችን የሚፈልግ ከሆነ፣ ወይም ፊልም ማቀናበርና የሥዕል ሥራ መማር የሚያስብ ከሆነ፣ ወይም ኮምፒዩተሩ አራትና አምስት ዓመት እንዲያገለግል ከታሰበ፣ ሁለተኛው ልዩነቱን ያወጣል።

ልጁ «ጓደኞቼ ሁሉ ያላቸው እሱን ነው» ካለ ይህንንም አትናቁት። አዲስ የመጣ ልጅ በማታ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር እያወራ ሲጫወት ዕብራይስጡ ይፈታለታል፤ ባይተዋርነቱም ይቀንሳል። ነገር ግን ጓደኞቹ ጋ ለመግባት የሚያስፈልገው ጨዋታው እንጂ የኮምፒዩተሩ ዋጋ አይደለም። ይህንን በፍቅር አስረዱት።

የሱቁ አስተርጓሚ ማን ነው?

ልጁ በሱቅ ውስጥ ሲያስተረጉም ገዢም አስተርጓሚም ይሆናል። ልጁን መጠርጠር አይደለም፤ ሸክሙ ይበዛበታል ለማለት ነው። ሻጩ ስለ ወለድ ሲናገር ልጁ ላይረዳው ይችላል፤ ቢረዳውም ኮምፒዩተሩ እንዳይቀርበት ፈርቶ ሊያሳጥረው ይችላል። በመሆኑም ዕብራይስጥ የሚያውቅ ሌላ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። ካልተገኘ ወረቀቱን ሳትፈርሙ ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ። «ነገ እመለሳለሁ» ማለት ነውር አይደለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ?

እነዚህን ጥያቄዎች ቆርጣችሁ በኪሳችሁ ያዙ።

1. ካማ ዜ ዖሌ ብሳኽ ሃኮል? ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? በሱቅ የሚለጠፈው ዋጋ ማዓም የሚባለውን ግብር ያካተተ መሆን አለበት። ማዓም ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ሆኗል።
2. ታሽሉሚም ብሊ ሪቢት? ክፍያው ያለ ወለድ ነው?
3. የሽ ዊንዶውስ? ብዙ ኮምፒዩተሮች ያለ ዊንዶውስ ይሸጣሉ። ከሌለው ለብቻው መግዛት ስለሚያስፈልግ ርካሽ የመሰለው ይወደዳል።
4. ኤይዜ ካርቲስ ማሳኽ? ካማ ዋት? የትኛው ካርድ ነው? ስንት ዋት?
5. ኤፍሻር ለሆሲፍ ዚካሮን? ራም መጨመር ይቻላል?
6. ካማ ዝማን ሃአሕራዩት? ኤፎ ሃማዕባዳ? ዋስትናው ለስንት ጊዜ ነው? የሚጠገነው የት ነው?

ስለ ገንዘቡ

ታሽሉሚም የሚለው ቃል ሁለት መልክ አለው። ያለ ወለድ የሚከፈል አለ። ክሬዲት የሚባል፣ ወለድ ያለበትም አለ። የወሩ ክፍያ ትንሽ ስለሆነ ብቻ አትደሰቱ። የወሩን ክፍያ በወሮቹ ቁጥር አባዝታችሁ ከተለጠፈው ዋጋ ጋር አስተያዩት። ከበለጠ ወለድ አለበት ማለት ነው።

የዚያን ቤተሰብ ሂሳብ እንመልከት። 1,200 ሸቀሉን መጀመሪያ ቢከፍሉና ቀሪውን ያለ ወለድ በ12 ወር ቢከፋፍሉት፣ ለመጀመሪያው ኮምፒዩተር በወር 200፣ ለሁለተኛው 270 ሸቀል ይደርሳል። ልዩነቱ በወር 70 ሸቀል ነው። «70 ሸቀል ምን አላት?» ይባል ይሆናል። ነገር ግን በየወሩ በባንክ ሂሳባቸው ጫፍ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች 70 ሸቀል ሚኑስ የሚያስገባ ነው። ባንኩ በሚኑስ ላይ ወለድ ያስከፍላል። በወሩ 20ኛ ቀን የሚገባው የልጆች አበልም ለወተትና ለደብተር ታስቦ የነበረው ወደ ዕዳ ይሄዳል። «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» እንዲሉ፣ በአንድ ፊርማ የገባ ዕዳ አንድ ዓመት ሙሉ ይከተላል።

በተጨማሪም ሻጩ ቦርሳ፣ ማውስ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የተራዘመ ዋስትና አብሮ ሊያቀርብላችሁ ይችላል። የማትፈልጉትን «ሎ፣ ቶዳ» በሉ። ከመግዛታችሁም በፊት ሌላ ሁለት ሱቅ ጠይቁ። ዛፕ በሚባለው የኢንተርኔት ገጽ የአንድ ሞዴል ዋጋ በብዙ ሱቆች ስንት እንደሆነ ማየት ይቻላል። ሞዴሉ አንድ መሆኑን ግን እስከ መጨረሻው ፊደልና ቁጥር አረጋግጡ። ሌኖቮ ሎክ፣ ኤሱስ ታፍ፣ ኤችፒ ቪክተስ፣ ኤሰር ኒትሮ የሚባሉት እያንዳንዳቸው በውስጣቸው ብዙ ዓይነት አላቸው፤ ስማቸው አንድ ሆኖ ሆዳቸው የተለያየ ነው።

ያገለገለ መግዛት ለሚፈልጉም አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ዊንዶውስ 10 ለሚባለው ፕሮግራም የአምራቹ መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አሮጌው ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ከሆነ በርካሽም ቢሆን አትግዙት።

መብታችሁን እወቁ

በዚህ አገር ለገዢ የቆመ ሕግ አለ። የገዢዎች ጥበቃ ሕግ የወጣው በ1981 ነው። ለእናንተ የሚጠቅሙትን ሦስት ነገሮች እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ በሱቅ የተገዛ ኮምፒዩተር ካልተጠቀማችሁበትና ካልተበላሸ በ14 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ገንዘባችሁን መውሰድ ትችላላችሁ። ሱቁ ሊቀንስ የሚችለው የዋጋውን 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ አነስተኛውን ነው። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ላይ ከሰካችሁት እንደተጠቀማችሁበት ይቆጠራል። ስለዚህ ቤት እንደደረሳችሁ ወዲያውኑ አትሰኩት። መጀመሪያ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ከደረሰኙ ጋር አስተያዩት።

ሁለተኛ፣ ይህ በተለይ ለአዲስ ገቢዎች ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገዛችሁት ከሆነ፣ ከሻጩም ጋር በቃል ወይም በጽሑፍ ልውውጥ የተነጋገራችሁ ከሆነ፣ የዖሌ ምስክር ወረቀት ካገኛችሁ አምስት ዓመት ያልሞላችሁ እስከ አራት ወር ድረስ ግዢውን መሰረዝ ትችላላችሁ። ሕጉ ይህንን የሰጠው ቋንቋውን ገና ያልለመደ ሰው በስልክ እንዳይታለል ብሎ ነው።

ሦስተኛ፣ ለአዲስ ኮምፒዩተር ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ሔሽቦኒቱንና የዋስትናውን ወረቀት ከቴዑዳት ዜሁታችሁ ጋር በአንድ ቦታ አስቀምጡ። ወረቀት የሌለው ሰው ክርክሩ ይከብደዋል።

ቤት ከገባ በኋላ

የጨዋታ ኮምፒዩተር ይሞቃል። የአሽቀሎን በጋ ደግሞ ሞቃትና እርጥብ ነው። አልጋ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ከተቀመጠ አየር ማስገቢያው ይታፈናል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። የሚቻል ከሆነም ጠረጴዛው ሁሉም በሚያልፍበት ሳሎን ይሁን። ባትሪውም ለጨዋታ ብዙ ሰዓት አይቆይም፤ ሳይሰካ ሲጫወቱበት ኃይሉም ይቀንሳል።

ሕጉን ከመግዛታችሁ በፊት ተስማሙ። የትምህርት ሥራ ይቀድማል። እህትና ወንድሞችም የየራሳቸው ሰዓት ይኑራቸው። ማታ የሚዘጋበት ሰዓት ይወሰን። ዓርብ ሰንበት ሲገባ ይዘጋል። ነፃ የሚባሉት ጨዋታዎች ውስጥም ልብስና መሣሪያ በእውነተኛ ገንዘብ ስለሚሸጥ የባንክ ካርዳችሁ ቁጥር በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንዳይቀመጥ። በጨዋታ ላይ ያገኘውን የማያውቀውን ሰው አድራሻውንና የትምህርት ቤቱን ስም እንዳይነግር ልጁን ምከሩት።

በመጨረሻ ምን ተደረገ?

ያ ቤተሰብ ከእኛ ጋር ከተወያየ በኋላ በዚያ ሳምንት ምንም አልገዛም። ልጁ የጨዋታዎቹን ዝርዝር ጻፈ። ከአምስቱ አራቱ በርካሹም የሚሄዱ ነበሩ። ወላጆቹ እንዲህ አሉት፤ «እኛ የምንችለው 3,600 ነው። ርካሹን ከፈለግህ ዛሬ እንገዛልህ። ሁለተኛውን ከፈለግህ ልዩነቱ 840 ሸቀል ነው፤ እሱን አንተ ሠርተህ አምጣ።»

ልጁ ሁለተኛውን መረጠና በክረምት ዕረፍት ሥራ ገባ። ሕጉ ለ16 ዓመት ልጅ ከዝቅተኛው ደመወዝ 75 በመቶ ይፈቅዳል፤ ይህም በሚያዝያ 2025 በወጣው ተመን በሰዓት 27.09 ሸቀል ነበር። 840 ሸቀል ማለት 31 ሰዓት ያህል ሥራ ነው። ልጁ ሰዓቱን ሲያሰላ ያቺ «70 ሸቀል ምን አላት?» ያላት ገንዘብ ክብደቷ ገባው። የደመወዝ ወረቀቱን፣ ትሉሽ የሚባለውን፣ አምጥቶ ለአባቱ በአማርኛ ሲያነብላቸውም፣ ለራሱ ፍላጎት ሳይሆን ለቤተሰቡ ያስተረጎመ ያን ጊዜ ነው።

እኛ ለሁሉም ቤተሰብ ሁለተኛው ይሻላል አንልም። ወሩን ሳይበደሩ መጨረስ ለሚያቅታችሁ፣ ልጃችሁም ቀላል ጨዋታ ለሚጫወት፣ ርካሹ ትክክለኛው ነው፤ አታፍሩበት። ለትምህርት ብቻ ከሆነ ደግሞ የጨዋታ ኮምፒዩተር ከነጭራሹ አያስፈልግም፤ ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። ዋናው ነገር አባትና እናት የገንዘቡን ጣሪያ መወሰናቸው፣ ልጁም ምክንያቱን ማወቁ ነው። ልጁ ቋንቋውን ያውቃል፤ እናንተ ደግሞ ኑሮውን ታውቃላችሁ። ሁለቱ ዕውቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተገናኙ ሻጭ አያታልላችሁም።

ለመፈረም የተሰጣችሁ፣ ያልገባችሁ ወረቀት ካለ ሳትፈርሙ ወደ ቢሯችን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነባለን።

ቸር ይግጠመን፤ ለሂትራኦት።